ሥራ ከሚያንጠባጥብ ባልደረባ ጋር እንዴት እንነጋገር? ከማስታወሻ ደብተር እስከ ኃላፊ ቢሮ፣ ደረጃ በደረጃ

አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ቃሉን አይጠብቅም። «ነገ አደርሳለሁ» ይላል። ነገ ይመጣል፤ ሥራው የለም። ዝም ብላችሁ እናንተ ትሠሩታላችሁ። በሳምንቱ ይደገማል። ወራት ሲያልፉ ሆዳችሁ ይሞላል። ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ነገር፣ ሰው መሃል፣ ትጮኻላችሁ። የዚያን ቀን ሰው የሚያስታውሰው የእናንተን ጩኸት እንጂ የእሱን ሥራ አይደለም።

ባሕር ዳር ውስጥ በሆቴሉ፣ በአስጎብኚው፣ በፕሮጀክት ቢሮው፣ በግንባታ ሳይቱ ይሄ ነገር የተለመደ ነው። ሰው ደግሞ ይተዋወቃል። ባልደረባችሁ የጎረቤታችሁ ዘመድ ወይም የአንድ እድር አባል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይሉኝታው ይበረታል። አንዱ ዝም ይላል። ሌላው ለሦስተኛ ሰው ያወራል። በሁለቱም መንገድ ሥራው አይስተካከልም።

መመሪያው በእኩል ደረጃ ለምትሠሩ፣ በባልደረባችሁ ላይ ሥልጣን ለሌላችሁ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙዎች የማይሳካላቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ትተው በቀጥታ ወደ ንግግር ስለሚገቡ ነው።

ነገሩ እንዳይበታተን አንድ ቢሮ በምሳሌነት እንያዝ። በጣና ላይ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚወስድ አነስተኛ አስጎብኚ ቢሮ ነው። እናንተ እንግዳ ትቀበላላችሁ። ባልደረባችሁ ጀልባና ባለጀልባ ያዘጋጃል። ጉዞው ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳል። ሰዓቱ ምክንያት አለው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበል ይመጣል። ጠዋት ያረፈደ ጀልባ ሲመለስ ማዕበል ያገኘዋል። የእናንተ ሥራ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ መሆኑን አረጋግጡ

ከመናደዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ።

ሥራው ለማን ተሰጠ? «አንድ ሰው ይደውልለት» ተብሎ ከስብሰባ የተወጣ ከሆነ ሥራው የማንም አይደለም። የሰውየው ስም ተጠርቶ ካልተሰጠው «አልሠራህም» ማለት አትችሉም።

ቀኑና ሰዓቱ አንድ ነበር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልክ ላይ «8:00» ተብሎ የተላከ ቀጠሮ ለአንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ለሌላው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው። «በ12 ይድረስ» ሲባልም በእኛ ነው በፈረንጆቹ? ከውጭ ድርጅት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ይህን በተለይ ፈትሹ። ተናዳችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሰውየው የተላከውን መልእክት አውጥቶ ቢያሳያችሁ፣ ቀጣዩ ንግግራችሁ ሁሉ ክብደት ያጣል።

መሥሪያው ነበረው? ለባለጀልባው ቀብድ የሚከፈለው ገንዘብ ከሒሳብ ክፍል ካልወጣ ባልደረባችሁ ምን ያድርግ? እንዲህ ከሆነ ችግራችሁ ከሒሳብ ክፍል ጋር ነው። አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከሦስቱ አንዱ እንኳ ግልጽ ካልሆነ ለጊዜው ጉዳዩን አታንሱ። ቀጣዩን ሥራ በስም፣ በቀንና በሰዓት አስቀምጡ። እሱም ከተበላሸ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ደረጃ 2፦ የሆነውን ብቻ ጻፉ

ትንሽ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አራት ነገር ጻፉ፦ ቀን፣ የተስማማችሁበት፣ የሆነው፣ የደረሰው ጉዳት። ለምሳሌ፦

«ኅዳር 18። ጀልባ ጠዋት 2 ሰዓት ተባለ። 3 ሰዓት ተኩል መጣ። ስልኩን አላነሳም። አራት እንግዶች ወደቡ ላይ ቆመው ጠበቁ።»

«ታኅሣሥ 2። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ለእንግዶቹ የመንገር ሥራ የእሱ ነበር። አልነገረም። ሁለት ሴቶች ደሴቱ ጋ ደርሰው ጀልባው ላይ ቀሩ። የከፈሉት እንዲመለስላቸው ጠየቁ።»

እንዲህ ግን አትጻፉ፦ «ዛሬም እንደ ልማዱ ጉድ ሠራኝ። ለሰው ደንታ የለውም።» ይህ የእናንተ ስሜት ነው። ስሜታችሁ እውነት ነው፤ ግን ሰው ፊት ሲቀርብ የሚያከራክረው እሱ ነው።

ሦስት ግቤት ሲሞላ ለመናገር ይበቃችኋል። ሃያ እስኪሆን አትጠብቁ። ሃያ ጥፋት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሊነጋገር ሳይሆን ሊከስ የመጣ ይመስላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብተሩን ለሌላ ባልደረባ አታሳዩ። የቻት ስክሪንሻት ለጓደኛ አትላኩ። አንድ ሰው ካየው ሁሉም ሰው አየው ማለት ነው። የሰውየውን የግል ነገርም አትጻፉ። መጠጣቱ፣ ትዳሩ፣ ዕዳው የእናንተ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም።

ደረጃ 3፦ ምክንያቱን ለዩ

ሥራ የሚያንጠባጥብ ሰው ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም። አንዳንዱ ሥራውን አይችለውም፤ መጠየቅ ግን ያፍራል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለበት። አንዳንዱ ከሦስት አለቃ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የጮኸበትን ያስቀድማል። በእርግጥ ግድ የሌለውም አለ። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ቀድማችሁ አስቡበት። ለሌላ ሰው በመጠየቅ ሳይሆን የጻፋችሁትን መልሳችሁ በማንበብ ነው። የሚያበላሸው አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው? ምናልባት አይችለውም። ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው? የሆነ ነገር አለ። የእናንተን ሥራ ብቻ ነው የሚያበላሸው? በመካከላችሁ ያልተነገረ ቅሬታ ሊኖር ይችላል።

ለቅሶን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞትበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ አለው። ልዩና ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውሰድ ይችላል፤ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ ለቅሶ ሄዶ የቀረን ሰው «ቀረህብኝ» አትበሉት። መብቱ ነው። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ለቅሶ ሳትደርሱት ስለ ሥራ ብታነሱበት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

መብራት ይጠፋል። ኔትዎርክ ይቆራረጣል። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። እነዚህን በባልደረባችሁ ላይ አትቁጠሩ። ቅሬታችሁ መሆን ያለበት አለማሳወቁ ነው። ጀልባው እንደማይመጣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አውቆ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ዝም ካለ፣ እሱ የመብራት ችግር አይደለም። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው «ለምን ቀረህ» በሚለው ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ማለቂያ የለውም። «ለምን አልነገርከኝም» የሚለው ግን አጭር መልስ አለው።

ደረጃ 4፦ ጊዜና ቦታ ምረጡ

በቴሌግራም ግሩፕ ላይ በፍጹም አታንሱት። በስብሰባም አታንሱት። ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው የሚያስበው ስለ ክብሩ ነው፤ ስለ ጀልባው አይደለም።

ጥፋቱ በተፈጠረበት ሰዓት አትናገሩ። በማግስቱ ይሻላል። ከሳምንት በላይ ግን አታሳልፉ። የጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ በሚጎርፍበትና ሁሉም በሚሯሯጥበት ሳምንት፣ አትጀምሩት። ባልደረባችሁ የሚጾም ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ከምሳ በፊት ይቅርባችሁ። የራበው ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ግን የተደበቀ ያልሆነ ይሁን። የጣና ዳር የእግር መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። የቡና ቤት ጥግም ይሆናል። ቢራ እየጠጣችሁ አታድርጉት። ማታ የተባለው ጠዋት ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ቀጠሮ ስትይዙ ጉዳዩን አትደብቁ፦ «ስለ ጠዋት ጉዞዎቹ ላወራህ ፈልጌ ነበር። ነገ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት አለህ?» «የምነግርህ ነገር አለ» ብቻ ብላችሁ ማደር ሰውየውን እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ሲመጣም ለጠብ ተዘጋጅቶ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ንግግሩ

አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ግቡ፤ የቅርቡን። የተቀሩት ደብተሩ ውስጥ ይቆዩ።

በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ የሆነው፣ የተስማማችሁበት፣ ጉዳቱ፣ ጥያቄ።

«ትናንት ጀልባው 3 ሰዓት ተኩል ነው የመጣው። የተስማማነው 2 ሰዓት ነበር። እንግዶቹ ወደቡ ላይ ቆሙ፤ እኔም የምነግራቸው አጣሁ። ምን ተፈጠረ?»

ከዚያ ዝም በሉ። የሚከብደው ይሄ ነው። ዝምታው ሲጨንቃችሁ «ግድ የለም፣ ብቻ ሌላ ጊዜ...» ብላችሁ አታለዝቡት። መልሱን ጠብቁ።

በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ሰው ይዘቱን ሳትቀይሩ አክብራችሁ ተናገሩ፦ «ጋሼ፣ የትናንቱ ጀልባ 3 ሰዓት ተኩል ነው የደረሰው። እንግዶቹ ቆመው ጠበቁ። ምን አጋጥሞዎት ነው?» አክብሮት ማለት ጉዳዩን መዋጥ አይደለም።

እነዚህን ከአፋችሁ አታውጡ፦ «ሁልጊዜ»፣ «አንድም ቀን»፣ «ልማድህ ነው»፣ «ሁሉም ሰው እንዲህ ይልሃል»። አንዷን ካወጣችሁ ሰውየው በሰዓቱ የመጣበትን አንድ ቀን ያነሳል፤ ክርክሩም በዚያች ቀን ላይ ይሆናል።

መልሱ ካሰባችሁት ውጭ ከሆነ

ወዲያው ይቅርታ ካለ፦ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ነው። እፎይ ብላችሁ ተቃቅፋችሁ ትለያላችሁ፤ ምንም አልተቀየረም። እንዲህ በሉ፦ «እኔ ይቅር ብያለሁ። የሐሙሱን ጉዞ ግን እንዴት እናድርገው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» ካለ፦ አትከራከሩ። «የያዝካቸውን እስቲ አብረን እንይ። የትኛው ይቅደም?» በሉ። በእርግጥ ከበዛበት ሁለታችሁም አብራችሁ ለኃላፊ ትናገራላችሁ።

«አንተስ ባለፈው...» ካለ፦ እውነት ከሆነ ተቀበሉ። «ልክ ነህ፤ እሱንም እናወራለን። መጀመሪያ የጀልባውን እንጨርስ።» ስትጨርሱ ደግሞ በእርግጥ ተመለሱበት። ካልተመለሳችሁ ዳግመኛ አያምናችሁም።

«አታካብድ» ብሎ ከሳቀ፦ አብራችሁ አትሳቁ። ጉዳቱን ድገሙት፦ «አራት ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ሲመለሱም ማዕበል ያዛቸው። ለእኔ ቀላል አልነበረም።»

ከካደ፦ ደብተሩን አውጥታችሁ ፊቱ ላይ አትዘርጉ። አንድ ቀን ብቻ ጥቀሱ። አሁንም ከካደ «እሺ፣ ያለፈውን እኔና አንተ በተለያየ መንገድ እናስታውሰው ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ያለውን እንጻፈው» ብላችሁ ወደ ደረጃ 6 እለፉ። ያለፈውን ማሸነፍ አያስፈልጋችሁም።

ድምፁ ከፍ ካለ፦ «ዛሬ ይብቃን። ነገ ጠዋት ቡና እየጠጣን እንቀጥል» ብላችሁ ተነሡ። በማግስቱ የግድ ቀጥሉ። ከቀረ፣ በጩኸት እንደሚያመልጥ ይማራል።

ከባድ የግል ችግር ከነገራችሁ፦ የሥራውን ነገር ለዚያ ቀን ተዉት። «አሁን የትኛውን ሥራ ላቅልልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ለማንም አታውሩ። የሥራውን ጉዳይ ግን በሳምንቱ አንሱት፤ እንግዶቹ የእሱን ችግር አያውቁምና ጀልባው በሰዓቱ መምጣት አለበት።

ደረጃ 6፦ ስምምነቱን ጻፉ

በዚያው ቀን ለእሱ ብቻ አጭር መልእክት ላኩ።

«ዛሬ እንደተነጋገርነው፦ ሐሙስ ጥር 7 የዘጌ ጉዞ። ጀልባው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወደብ ላይ ይሆናል። ባለጀልባው መምጣቱን ረቡዕ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ትነግረኛለህ። የማይሆን ከሆነም በዚያው ሰዓት አሳውቀኝ፤ ሌላ ጀልባ እንፈልጋለን። የረሳሁት ካለ ጨምርበት።»

ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሰዓቱ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ከዋናው ሰዓት በፊት ማረጋገጫ ሰዓት አለ፤ ነገሩ ቢበላሽ ለማስተካከል ጊዜ ይቀራል። ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚደረግም ተነግሯል።

«እሺ» ብቻ ብሎ ከመለሰ ደውሉና ሰዓቱን እሱ ራሱ ይንገራችሁ። ኔትዎርክ ከሌለ በወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በእጁ ስጡት።

ደረጃ 7፦ መሸፈን አቁሙ

እስከ አሁን በጓሮ የምትሠሩለትን ሥራ ተዉ። ሳታስጠነቅቁ ግን አትተዉ፤ ያ ወጥመድ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ ለባለጀልባው እኔ አልደውልም፤ አንተ ትደውላለህ» በሉት። ከዚያ በእርግጥ አትደውሉ። ረቡዕ ማታ እጃችሁ ስልኩ ላይ ይሄዳል። ታገሡ። የማረጋገጫው ሰዓት ሲያልፍ አንድ ጊዜ ለእሱ ደውሉ፤ ለባለጀልባው ግን አይደለም።

አንድ ነገር ከዚህ ውጭ ነው፤ የሰው ሕይወት። ላይፍ ጃኬት ካልተሟላ፣ ነዳጅ ከጎደለ፣ ሞተሩ ችግር ካለው «የእሱ ድርሻ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ራሳችሁ አሟሉ ወይም ጉዞውን አስቁሙ። በዚያው ቀንም ለኃላፊ ተናገሩ። እዚህ ላይ ሦስት ግቤት አይጠበቅም፤ ይሉኝታም አይሠራም። በግንባታ ሳይት፣ በጤና ተቋም፣ በወጥ ቤት ለምትሠሩም እንደዚያው ነው።

ቀጣዮቹን ጥቂት ሥራዎች ተከታተሉ። በሰዓቱ ሲያደርስ «አመሰግናለሁ፣ ጠዋቱ ቀለለኝ» በሉት፤ ሰው የተመሰገነበትን ይደግማል። እንደገና ካንጠባጠበ በዚያው ቀን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ አታጠራቅሙ። ቢያኮርፍ ሰላምታችሁን አታቋርጡ። ቡናም አብራችሁ ጠጡ። ኩርፊያው የሚረዝመው ሁለታችሁም ስታኮርፉ ነው።

ደረጃ 8፦ ሦስተኛ ሰው

ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ካልተለወጠ፣ ወደ ኃላፊ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው አስገቡ። አንድ ብቻ። ሽማግሌ ሲበዛ ጉዳዩ ከተማ ይሞላል።

ሰውየውን ብቻችሁን አታማክሩት። «አቶ እገሌ ቢያነጋግሩን ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ መጀመሪያ ባልደረባችሁን ጠይቁ። ሽምግልናችን ለማስታረቅ ጥሩ ነው። ግን «ተስማሙ፣ ተሳሳሙ» ተብሎ ማለቁ ለሥራ አይበቃም። ከመነሣታችሁ በፊት ቀጣዩ ሥራ በማን፣ መቼ እንደሚሠራ ይነገር። ሦስተኛው ሰው ያንን ይስማ።

ደረጃ 9፦ ወደ ኃላፊ

ለባልደረባችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ተነጋግረን አልሆነልንም። ሐሙስ ለኃላፊያችን እነግራለሁ። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል።» ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ከድታችሁታል።

ለኃላፊው የምታቀርቡት አንድ ገጽ ይሁን። ሦስት ወይም አራት ግቤት፣ የተነጋገራችሁባቸው ቀኖች፣ የጻፋችሁት ስምምነት፣ በመጨረሻም ጥያቄያችሁ። ጥያቄው «ይቀጣልኝ» አይሁን። «የባለጀልባ ቅጥሩ ለአንድ ሰው ተለይቶ ይሰጥ» ወይም «የማረጋገጫው ሰዓት የቢሮው ደንብ ይሁን» በሉ። ኃላፊ ቅጣት ሲጠየቅ ያመነታል፤ የሥራ ክፍፍል ሲጠየቅ ግን ዛሬውኑ ሊወስን ይችላል።

ሕግ ጠቅሳችሁ ባልደረባችሁን አታስፈራሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን፣ ወይም ፈቃድ በሌለው ምክንያት በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን የቀረን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያውን የሚጽፈው ግን አሠሪው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ኃላፊው «እሺ፣ አየዋለሁ» ብሎ ዝም ካለ፣ በሳምንቱ በጽሑፍ አስታውሱ። እስኪወሰን ድረስ የራሳችሁን ድርሻ በቀንና በሰዓት አስረክቡ፤ ማስረከባችሁንም በአንድ መስመር መልእክት ለሁለቱም አሳውቁ፦ «የሐሙስ እንግዶች ስም ዝርዝርና ስልክ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ሰጥቻለሁ። ጀልባው ይቀራል።» ጉዞው ከተበላሸ የት ላይ እንደቆመ በዚያ መልእክት ይታያል።